የሮሃያ ድግምት

እናቴ ላይ ድግምት ተገኘ የተባለው እኔ ለሌላ እናት ልጅ ልሆን በተሰጠሁበት ዓመት ነው። ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ልጅ ነበርኩ፤ ትልልቆቹ የሚሉትን ግማሹን እሰማለሁ፣ የቀረውን ራሴ እሞላለሁ፣ ከዚያ የሞላሁትን በዓይኔ ያየሁት ይመስለኛል።

እኛ ጋ፣ ሆም በምትባለው የውቅያኖስ ደሴት ላይ፣ ልጅ መስጠት ነውር የለውም። የበዛለት ላልወለደው አንዱን ይሰጣል። ሽማግሌ የለ፣ ፊርማ የለ፤ ልጁ ልብሱን በፌስታል ይዞ ሁለት አጥር ይሻገራል፣ አለቀ። እናቴና አባቴ በታላቅ ወንድሜ ስም የራድዋን እናት፣ የራድዋን አባት ይባላሉ፤ የደሴቱ ወግ ነው። ጎረቤታችን ሮሃያ ግን ማንሱርን አግብታ ስንት ዓመት ብትኖርም ስላልወለደች ሮሃያ ብቻ ነበረች። እናቴ ሦስተኛውን ስታረግዝ፣ ሁለቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ዓሣ ሲያጸዱ፣ "ይሄ በሰላም ይምጣና ሳኪናን ትወስጃታለሽ" አለቻት። ሮሃያ ቢላዋውን ጥላ፣ እጇን እንኳ ሳትታጠብ አቀፈቻት። እናቴ "ተይ እንጂ፣ ዓሣ ዓሣ አሸተትሽኝ" እያለች ስትስቅ ትዝ ይለኛል።

ምን ልዋሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እቤት ሳህን ማጠብ የኔ፣ ዶሮ ማባረር የኔ፣ የራድዋንን ኩርኩም መቅመስ የኔ። ሮሃያ ጋ ግን ቅምጥል ነኝ። ሩዙን በኮኮናት ወተት ቀቅላ የድስቱን ቂጥ ለኔ ትተውልኛለች። እሷ ጋ በማድርባቸው ምሽቶች ደግሞ ከክፉ የሚጠብቀውን የቁርአን ምዕራፍ፣ ሱረቱል ፈለቅን፣ ታስቀራኛለች። መዳፌን ታስዘረጋኝና፣ ቀርቼ እፍ ስልበት፣ በገዛ እጄ ፊቴንና ደረቴን ታስጠርገኛለች።

"ይሄን ቀርቶ የተኛ ሰው ጂንም ድግምተኛም አይቀርበው" ትለኛለች።

"ድግምተኛ ምን ያደርጋል፣ እትዬ?"

"ክር ይቋጥራል፣ ቋጠሮው ላይ እፍ ይላል።"

"ለምን?"

"ሥራ የለውማ።"

ወንድሜ ተወለደ። ጸጉሩ ጥቁር፣ እስከ ማጅራቱ የወረደ ነበር፤ ሴቶቹ ሁሉ "ይሄስ ተበጥሮ ነው የመጣው" እያሉ ሳቁበት። እኛ ጋ ሕፃን በሰባተኛው ቀን ስም ይወጣለታል፣ ጸጉሩ ይላጫል፣ የተላጨው ጸጉር አናቱ በተቆረጠ እሸት ኮኮናት ውስጥ ገብቶ ይቀበራል፣ እላዩ ላይ ችግኝ ይተከላል። የራድዋንና የኔ ዛፎች ከቤታችን ፊት ለፊት ቆመው ነበር። ለዚህኛው አባቴ ጉድጓዱን ቀድሞ ቆፍሮ ችግኙን አዘጋጀ። ሰባተኛው ቀን ግን አልደረሰም። አንድ ማለዳ እናቴ ልታጠባው ስታነሳው ቀዝቅዞ አገኘችው።

ሮሃያ አጠበችው። እናቴ እጥበቱ ላይ ልቀመጥ አለች፤ ሁለቱ በሩን ዘግተው ብዙ ቆዩ። ከእኩለ ቀኑ የዙህር ሶላት በኋላ ተቀበረ። አባቴ ጉድጓዱን ደፈነና እናቴን እንዲህ አላት፦ "የሞተ ሕፃን ጀነት ነው ያለው፣ ላንቺም አማላጅ ነው። አታልቅሺ፤ እንባ ያስቸግረዋል።" እሱ ማጽናናቱ ነበር። እሷም ሰማችው፣ አላለቀሰችም። ማልቀስ ብቻም አይደል፣ መናገርም መብላትም ተወች።

ከዚያ በኋላ ነው ሰዉ የራድዋንን እናት ያየ ሁሉ "አዑዙ ቢላህ"፣ አላህ ይጠብቀኝ፣ ማለት የጀመረው። ሩዙን እሳት ላይ ጥዳ ትረሳዋለች። ሲጠሯት አትዞርም። ከሁሉ የከፋው ግን በጠራራ ፀሐይ ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ሄዳ፣ መሬት ላይ ቁጭ ትላለች። እንዲህ ያለ ቦታ የጂን መሰብሰቢያ መሆኑን በእኛ ደሴት የማያውቅ የለም፤ ስንገባ እንኳ ዱዓ አድርገን ነው። ራድዋን በጆሮዬ "ጂኑ ነው የሚጠራት" አለኝ። ሮሃያ እየመጣች አጠገቧ ትቀመጥና አፏን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታንሾካሹካለች። እኔን ስታይ ዝም ትላለች። የዛን ጊዜ ነው ሮሃያን በጎን ማየት የጀመርኩት።

እናቴ ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ምን ይስባት እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ላውቅ የምችልበት መንገድ አልነበረም፤ ካወቁት ሁለት ሰዎች አንዳቸውም አልተናገሩም።

አባቴ የውኃ መውረጃ ሊቆፍር አካፋ ይዞ እዚያው የገባው እናቴ ክሊኒክ በሄደችበት ቀን ነው። አንድ ሁለቴ አፈር አወጣና ቆመ። አካፋው ጫፍ ላይ ደረቅ የኮኮናት ቅል፣ ሁለቱ ግማሾች ገጥመው በክር የታሰሩ። ፈታው። ውስጡ ነጭ ጨርቅ፤ ጨርቁ ውስጥ ጥቁር ጸጉር፤ ጸጉሩ በጥቁር ክር ተጠምጥሞ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ሆኖ። አባቴ ባሕር የማይፈራ፣ በሸራ ጀልባው ማዕበል ውስጥ ገብቶ የሚወጣ ሰው ነው። ያን ቀን ቅሉን መሬት ላይ ጥሎ ወደ ኋላ ሸሸ።

"ሳኪና፣ ሐጂን ጥሪ" አለኝ። ሮጥኩ።

ኢማማችን ሐጂ ዘይኑል እርጋታ የሞላቸው ሰው ነበሩ። ቅሉን አዩ፣ ቋጠሮውን አዩ፣ ጢማቸውን ዳበሱ። ቤታችን በሰው ተሞላ፤ እናቴን ከክሊኒክ አምጥተው ምንጣፍ ላይ አስቀመጧት። ሮሃያ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"ድግምት የለም የሚል ካለ ተሳስቷል" አሉ ሐጂ። "በቁርአን የተጻፈ ነው። ነቢያችንም ላይ ተደርጎባቸዋል፤ ጸጉራቸውን ከማበጠሪያ ወስደው፣ ቋጥረው፣ ጉድጓድ ውስጥ ከተውባቸው። ግን አላህ ካልፈቀደ ማንንም አይጎዳም። መድኃኒቱም እሱ ጋ ነው እንጂ በሌላ ድግምት አይደለም።"

ከዚያ ቁጭ ብለው ፈለቅን መቅራት ጀመሩ። አንድ አንቀጽ ይሉና በቢላዋ ጫፍ አንድ ቋጠሮ ይፈታሉ፤ ሌላ አንቀጽ፣ ሌላ ቋጠሮ። ክሩ ሲላላ ጸጉሩ ጨርቁ ላይ መፍሰስ ጀመረ፤ ልስልስ ያለ፣ አጭር አጭር ጸጉር። እናቴ ያን ጊዜ ተነሳች። "ተዉት" አለች፤ "አትፍቱት፣ ይበተንብኛል።" ድምጿ የሷ አይመስልም ነበር፤ ስንት ሳምንት ሳይናገር የቆየ ጉሮሮ ነው። አባቴ ከኋላዋ ጨምድዶ ያዛት። ሴቶቹ "ጂኑ ነው፣ ጂኑ ተናገረ፣ አልሃምዱሊላህ" ተባባሉ። እኔም ሰማሁት፤ ጂኑ ቤቱ ሲፈርስበት እየለመነ ነበር፣ ብምል አላፍርም።

ከዚያ ያየሁትን ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እተርክ ነበር። እናቴ ቀና አለችና ሮሃያን አየቻት። ሮሃያም አየቻት፤ ጭንቅላቷን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወዲህ ወዲያ ነቀነቀች። እናቴ ወዲያው አፏን ዘጋች፣ ተመልሳ ቁጭ አለች። ጂኑን በዓይኗ አዘዘችው ብዬ አመንኩ፤ አለቃው ናት አልኩ።

አባቴ ጸጉሩንና ክሩን ደጅ አውጥቶ በኮኮናት ገለባ አቃጠለው። ሽታው ቤት ገባ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አለቀሰች። ሁላችንም ደስ አለን፤ ዳነች አልን።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት። አባቴ ግን ሐጂን እስከ አጥሩ ሸኛቸውና "ማን እንዳደረገው ንገሩኝ" አላቸው።

"አላውቅም።"

"እንዴት አያውቁም?"

"የሩቁን የሚያውቅ አንዱ ብቻ ነው። እሰማለሁ ብለህ ጠንቋይ ዘንድ ብትሄድ የአርባ ቀን ሶላትህ ከንቱ ነው። በጥርጣሬ ስም ብታነሳ ደግሞ የወንድምህን ሥጋ እንደ መብላት ነው። ሚስትህን አላህ አሳርፎልሃል፤ ተው፣ ይብቃህ።"

አልበቃውም። የሚወዳት ሚስቱ ናት፤ የልጁ መቃብር አፈሩ ገና አልደረቀም። ደግሞም ስሙን ካላወቀ እንደገና ቢያደርጉባትስ? ለዚህ ፍርሃቱ ዛሬ፣ ልጆች ካሳደግኩ በኋላ፣ አዝንለታለሁ። በሳምንቱ አባባ ሶፊያን የሚባሉ፣ የአባቶቻችንን ዕውቀት አውቃለሁ የሚሉ ሽማግሌ ሻይ ሊጠጡ መጡ፤ ሻይ ብቻ፣ በአባቴ አባባል። ሳህን ውኃ አስመጡ፣ ዘይት ጠብ አደረጉበት፣ ትክ ብለው አዩት።

"ቤታችሁ እንደ ቤቷ የምትገባ ሴት አለች" አሉ።

"አለች" አለ አባቴ።

"ሕፃኑ በሞተ ቀን በእጇ ይዛዋለች።"

"አጥባዋለች።"

"ማሕፀኗ ዝግ ነው።"

አባቴ ወደ ሮሃያ ቤት በኩል ዞሮ አየ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ እኚህ ሰውዬ በውኃ ውስጥ ይሄን ሁሉ እንዴት አዩት ብዬ ደነቀኝ። ለካ ሮሃያ ልጅ እንደሌላት፣ ቤታችን ገብታ እንደምትወጣ፣ ሕፃኑን ማን እንዳጠበው፣ ስድስት መቶ የማይሞላ ሰው ያለበት ደሴት ላይ የማያውቅ ዶሮ እንኳ አልነበረም። አገር የሚያውቀውን ነው ከውኃ የቀዱት።

ሽማግሌው ስም አልጠሩም። መጥራትም አላስፈለጋቸው። እናቴ ጓዳ ውስጥ ሩዝ እየለቀመች ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች። መልቀሟን አላቋረጠችም።

ከዚያ በኋላ የሮሃያን ዓሣ የሚቀምስ ጠፋ። መስጊድ ስትገባ ግራና ቀኟ ክፍት ይሆናል። ሐጂ ዘይኑል ጁምዓ ላይ ስለ ጥርጣሬና ስለ ሐሜት ጮክ ብለው ተናገሩ፤ ሰዉ አሚን አለና እየወጣ በር ላይ አማት። የኔ ልብስ በፌስታል ሆኖ ሮሃያ ቤት የነበረው ተመለሰ። ማን እንዳመጣው አላየሁም፤ አንድ ጠዋት ታጥፎ፣ ታጥቦ ደረጃችን ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ራድዋን "እንዳትለብሺው፣ ቋጥራበት ይሆናል" አለኝ፤ አባቴ ከነፌስታሉ ወሰደው።

ማንሱር ከባሕሩ ማዶ ባለው ዋናው ምድር፣ ካታኒንግ የምትባል ከተማ፣ የበግ ቄራ ውስጥ ሥራ አገኘ። ሊሄዱ ጀልባው ወደቡ ላይ ሲጠብቃቸው እኔ ከልጆች ጋር ቆሜ ነበር። ሊሸኝ የወጣ ሰው አልነበረም፤ ሊያይ የወጣ ግን ሞልቷል። ሮሃያ ስታልፍ እኔን ስታይ ቆመች። ወደኔ አንድ እርምጃ መጣች። እኔ ሁለት ወደ ኋላ ሄድኩና መዳፌን ዘርግቼ፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ፈለቅን ቀራሁባት። በቋጠሮ ላይ እፍ የሚሉትን የሚለው ላይ ደረስኩ። ቀጣዩ ጠፋኝ። ከፍርሃት የተነሳ ጠፋኝ።

ሮሃያ ቀጣዩን አለችልኝ። "ከምቀኛም ክፋት፣ በተመቀኘ ጊዜ" የሚለውን፣ እንደ ድሮው፣ በዝግታ። ከዚያ "ስትተኚም እንዳትረሺው" አለችኝና ሄደች። ድግምተኛ ሴት የአላህን ቃል ስትቀራ ምላሷ ለምን አልተቃጠለም ብዬ ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ። መልሱ ግልጽ ነበር፤ ልጅ ግን ግልጽ ነገር አያይም፤ ትልቅም ካልፈለገ አያይም።

እናቴ ቀስ በቀስ ዳነች። ሌላ ወንድም ወለደችልን፤ ዛፉም ተተከለ። ደሴቱ ላይ ሥራ ሲጠፋ እኛም እንደ ሌላው ካታኒንግ ገባን። ራድዋን ቄራ፣ እኔ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት። አባቴ እዚሁ ሞተ፤ ነገሩን እንዳመነ ሞተ። ሮሃያ ከእኛ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ትኖር ነበር፤ ማንሱርም አርፎ ብቻዋን ቀርታ። እኛ ሰዎች ኢድ ሲሆን ከቤት ቤት እየዞርን፣ እጅ እየሳምን፣ አፉ እንባባላለን። በየዓመቱ እናቴ ሁሉም ቤት ትገባለች፤ እዚያ በር ጋ ስንደርስ መሐረቧን አስተካክላ ታልፋለች። እኔም ምክንያቱን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ኢድ መኪና ውስጥ ገና ቀበቶዋን ሳስርላት "ሮሃያ ጋ ውሰጂኝ" አለች።

"ድግምተኛዋ ጋ?"

"ድግምት አልነበረም" አለችኝ። "የልጄ ጸጉር ነው።"

ሞተሩን አጠፋሁ።

እናቴ እንደነገረችኝ፣ ሕፃኑ ሲታጠብ ሮሃያ ናት የቆረጠችው። ሰባተኛው ቀን ስላልደረሰ ስም የለው፣ መላጨት የለው፣ ዛፍ የለው፤ እንዲያው እንዳልተወለደ ሆኖ ሊቀበር። እናቴ ለመነቻት፤ ሮሃያ መቀስ አመጣች። ከሬሳ የተቆረጠ ጸጉር አብሮት ነው የሚቀበር፣ ማስቀረት ሐራም ነው እያለች፣ እየፈራች ቆረጠችላት። እሸት ኮኮናት ማን ዛፍ ወጥቶ ያውርድላቸው፤ ደረቅ ቅል አገኘች። ጸጉሩ ልስልስ ስለሆነ እየተበተነ አስቸገራት፣ እናቴ በክር ደጋግማ ቋጠረችው። ማንም የማይደርስበት ቦታ መታጠቢያ ቤት ጀርባ ነበር።

"እና ሐጂ ሲፈቱት ለምን አልተናገርሽም?"

"ሐራም ሠርቻለሁ። አባትሽም ያን ሁሉ ሰው ከሰበሰበ በኋላ ላሳፍረው? ሮሃያም ጭንቅላቷን ነቅንቃ 'ዝም በይ' አለችኝ። ነገ ይረሳል ብለን ነው።"

"ከዚያ በኋላስ? ሲያገሏት?"

በመስኮት ታይ ነበር። እኔም ሞተሩን አስነሳሁ።

ሮሃያ ራሷ ከፈተችልን። አርጅታለች፣ ቁመቷ አጥሯል፣ ዓይኗ ግን ያው ነው። እናቴ ሳትቀመጥ እጇን ያዘች።

"አፉ በይኝ" አለች። "ዝም ያልኩት ሐራሙን ፈርቼ ነው ስል ኖሬያለሁ። ለልጄም አሁን እንደዚያ አልኳት። ውሸት ነው። አንዱን ቀብሬ ሌላዋን በእጄ ልሰጥሽ አልቻልኩም። ቃሌን ደግሞ መብላት አፈርኩ። አንቺን ሲጠረጥሩሽ፣ ሳኪና ቀረችልኝ አልኩ።"

እኔ እዚያው በሩ ላይ ጫማዬን ማውለቅ ጀምሬ አንዱን እንዳወለቅኩ ቀረሁ።

"አውቅ ነበር" አለች ሮሃያ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሽማግሌው ቤትሽ ገብቶ ከወጣ ጀምሮ። ያን ቀን ወደኔ ሮጠሽ ትመጫለሽ ብዬ ሩዝ ጥጄ ጠበቅሁሽ። ስትቀሪ ገባኝ። መጥተሽ ልጄን ተዪልኝ ብትዪኝ እተውልሽ ነበር፣ የራድዋን እናት። መጠየቅ ብቻ ነበር።"

እናቴ ተንበርክካ አለቀሰች። ሮሃያ አነሳቻት፤ "አፉ ብያለሁ፣ ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ" አለቻት፣ እንባዋንም በገዛ መሐረቧ ጠረገችላት። ኬክ አቀረበች፣ ሻይ ቀዳች። እናቴን አልዋጥልሽ አላት። ጥቂት ቆይታ "እንሂድ" አለችኝ።

"አንቺ መኪናው ውስጥ ጠብቂኝ፣ መጣሁ" አልኳት። ወጣች።

እኔና ሮሃያ ብቻችንን ቀረን። ዕድሜዬ ሃምሳ ሊደርስ ነው፣ የልጅ ልጅ እየጠበቅሁ ነው፣ እንደ ልጅ ግን የመሐረቤን ጫፍ እጠመዝዝ ነበር። "እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እየመጣሁ፣ ላስታምምሽ፣ እዚሁ አንዳንዴ ልደር..." አልኩ።

"የምን ማደር" አለች፣ የተረፈውን ኬክ ለልጆቼ በፌስታል እየቋጠረችልኝ። ቀና ብላ ብዙ ቆይታ አየችኝ። "ነይ፣ ጠይቂኝ፣ ደስ ይለኛል። ልጅነትሽን ግን የራድዋን እናት አሳድጋዋለች፤ ለኔ የተረፈኝ ነገር የለም። ሂጂ፣ ብርድ ላይ አታስጠብቂያት።"

ፌስታሉን ተቀብዬ ወጣሁ። እናቴ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነበር። ቤቷ እስካደርሳት አንድም ቃል አልተነፈስኩላት።